የግራና ማንጎ

ልጅ ሳለሁ አባቴን መርዝ አብልታ የገደለችው ግራና ከሚባል የመርሳ አካባቢ መንደር የምትመጣ አንዲት ሴት ትመስለኝ ነበር። ስሟ አለሚቱ ይባላል። መርሳ ገበያ በሚቆምበት ቀን ሁሉ ቅርጫቷን አዝላ ትመጣለች፤ በአባቴ የጎማ መጠገኛ ደጃፍ ካለው አሮጌ ጎማ ላይ ትቀመጣለች፤ ካመጣችው ፍሬ አንዱን ልጣ ትሰጠዋለች፤ እሱ ጨርሶ እስኪበላ ዓይኗን ከአፉ ላይ አትነቅልም። ከዚያ ነጠላዋን አራግፋ ትሄዳለች። እንዲህ ስታደርግ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ከዚያ በመጣው ክረምት አባቴ ሞተ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። እንግዲህ ምን ላስብ?

ዛሬ ወልድያ ውስጥ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኞችን በሚከታተል አንድ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ሰው በምን በምን እንደሚሞት ማወቅ እንጀራዬ ሆኗል። አለሚቱ መርዝ የሚባል ነገር በእጇ ነክታ አታውቅም። ቢሆንም ያቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፈጽማ ተሳስታ ነበር ለማለት አፌ አይደፍርም። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

አባቴ ገበየሁ ጎሚስታ ነበር። መርሳ ላይ ዋናው መንገድ ዳር፣ ደጇ ላይ ጎማ የተቆለለባት ትንሽ የቆርቆሮ ቤት ነበረችው። በደርግ ጊዜ ሰሜን ግንባር ከርሞ የተመለሰ ወታደር ነው። የባድመው ጦርነት ሲነሳ መሣሪያ የሚያውቅ ይምጣ ተባለና እንደገና ሄደ። እናቴ ሂሩት፣ ሞት አንዴ የማረው ሰው ሁለተኛ ደጁን አያንኳኳም ብላ ለምናው ነበር አሉ። በሄደበት ቀን አብረውት ከተሳፈሩት አንዱ የአለሚቱ ልጅ ፍቅሩ ነበር። አለሚቱ ባሏ የሞተባት፣ ከፍቅሩ በቀር ልጅ ያልነበራት ሴት ናት። መኪናው ሊነሳ ሲል የልጇን እጅ ይዛ አባቴ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠችና አደራ አለችው። እኔ ከዚያ ቀን የማስታውሰው የፍቅሩን ጆሮዎች ብቻ ነው። ትልልቅ ነበሩ፤ ፀሐይ ከኋላ ስትመታቸው ቀይ ሆነው ይታዩ ነበር።

አባቴ የተመለሰው በ1993 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው፤ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ እጄን ይዛ መናኸሪያ ወሰደችኝ። ከአውቶቡሱ የወረደውን ሰው አላወቅሁትም። ከስቷል፤ ሱሪው በገመድ ታስሯል። እናቴ እየጮኸች አንገቱ ላይ ስትጠመጠም ነው አባቴ መሆኑን ያመንሁት። አንድ ባለሱቅ ውሃ በጣሳ ሰጠው፤ ጠጣ። ደገመለት፤ ያንንም ጠጣ። በረሃ የከረመ ሰው ይጠማዋል አሉ ሰዎቹ። እኔም በረሃ ማለት ሰው ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነገር ነው ብዬ ያዝሁት።

አለሚቱ ሰዉን እየገፋች መጣች። ለገበያ ያመጣችው የማንጎ ቅርጫት ጀርባዋ ላይ ነበር።

«ልጄስ?» አለችው።

አባቴ ፊቷን አየ። ዙሪያውን ሰው ከቦታል፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሷ ብቻዋን ናት። «ደኅና ነው፣ እትዬ አለሚቱ» አለ። «ለጊዜው እዚያው አቆይተውታል። ይመጣል።»

ከሰው መሀል አንዷ እልል አለች። ሌላው የምሥራች ብሎ ጮኸ። አለሚቱም «ምስር ብላ፣ ምስር ብላ ልጄ» እያለች ቅርጫቷን እግሩ ሥር ገለበጠችው። በእኛ አገር የምሥራች ያመጣ ሰው ባዶ አፉን አይሄድም፤ ምስር ብላ ተብሎ በእጅ ያለው ይሰጠዋል። በእሷ እጅ የነበረው ማንጎ ነው። አንዱን በጥርሷ ልጣ አጎረሰችው። አባቴ በላ። ጭማቂው በጺሙ ይወርዳል፣ ዕንባውም ይወርዳል፣ ሰው ይስቃል። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ነገር አይቼ አላውቅም ነበር። አባት መምጣቱ ሳያንስ ማንጎ ተመረቀበት።

ፍቅሩ ያን ጊዜ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነበር። የሞተው ከአባቴ ጎን፣ አንድ ምሽግ ውስጥ ነው። ይህን እናቴ የነገረችኝ የነርስነት ትምህርቴን ጨርሼ ስመጣ ነው። አባቴ ለምን ዋሸ ብዬ ስጠይቃት ተቆጣች። መርዶ መንገድ ላይ ይነገራል ወይ አለችኝ። እውነቷን ነው። መርዶ የሚነገረው ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ግራና ቀኝ ደግፎ የሚይዝ ሰው ተዘጋጅቶ ነው። አውቶቡስ በር ላይ ብቻዋን የቆመችን እናት ልጅሽ ሞቷል የሚል ሰው ከሰው አይቆጠርም። አባቴ ያንኑ ሳምንት በወጉ ላስነግራት ብሎ የግራና ሽማግሌዎች ዘንድ ሄዶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከመንግሥት ቃል ሳይመጣ አናረዳም አሉት። በዚያ ላይ እልል የተባለበት፣ ምስር ብላ የተባለበት ነገር ሆኗል። ቃሉ እስኪመጣ አንተ ቻለው ብለው ሸኙት። ቻለው ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው።

ከዚያ በኋላ አለሚቱ በየገበያው ቀን መምጣት ጀመረች። ማንጎ ሲያልቅ ፓፓያ፣ ፓፓያው ሲጠፋ ብርቱካን፣ ብርቱካኑ ሲያልቅ ሸንኮራ ይዛ ትመጣለች፤ ግራና ወንዝ ዳር ያላት ጓሮ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አባቴ ከሩቅ ሲያያት ሥራውን ያቆማል። እጁን መጀመሪያ በጋዝ፣ ቀጥሎ በሳሙና ይታጠባል፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል። ይበላል ወይ? ይበላል። ብርድ ልብስ አለው? አለው፣ ያውም ሁለት። ይስቃል? እዚህ ላይ አባቴ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል። ይስቃል፣ እትዬ አለሚቱ። ወጥ ቤት መድበውታል፤ ከጦሩ ርቆ ነው ያለው፤ ወፍሯል።

እኔ የጎማው ክምር ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። ወንድም አልነበረኝም፤ ስለዚህ ጆሮው ትልልቅ፣ ወፍራም፣ ጭልፋ የያዘ ወንድም አበጀሁ። ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ወንድሜ ወታደር ቤት ወጥ ይሠራል እላቸው ነበር። ሲመጣ የሚያመጣልኝን ነገር ራሱ መርጬ ጨርሻለሁ፤ ቀይ ጃንጥላ ነበር። በየሳምንቱ ፍቅሩ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። አንድ ቀን ጺም አበቀለ። አንድ ቀን መዝሙር ለመደ። አባቴ የሞተ ልጅ እያሳደገ መሆኑን ማን ይንገረኝ።

የአባቴ ጥማት አልተወውም። ሥራ ላይ ሳለ አንድ ጀሪካን ውሃ ብቻውን ይጨርሳል፤ ጓሮ ይመላለሳል። የሸናበት ቦታ ላይ ጉንዳን ይሰበሰባል። እኔ ጉንዳን እንኳ አባቴን ይወደዋል ብዬ ተደስቼ እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። እናቴ አፈሩን ጎንበስ ብላ አየችው። በማግስቱ ሲራጅ የሚባል፣ ኤንትሬ የሚሉትን የጭነት መኪና የሚነዳ ጓደኛው በመኪናው ጭኖ ወልድያ ወሰደው። ሲመለሱ በሽታው ስኳር ነው ተባለ። ከበሽታ ሁሉ የሚጥመው የእኛ ቤት መሰለኝ። እናቴ ግን የስኳሩን ጣሳ ከቤት አወጣች፤ ሻያችን መረረ፤ ጣፋጭ የሚባል ነገር ለአባቴ እርም ሆነ። ከአንዱ ነገር በቀር።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ እናትና አባቴ ከቆርቆሮው ቤት ኋላ ቆመው ሲጨቃጨቁ ደረስሁ። እናቴ፣ ዛሬ ሆዴን አሞኛል በላትና ተወው ትለው ነበር። አባቴ፣ ባለፈው ሳምንትም ሆዴን ብያታለሁ፣ ቅርጫቷን እንኳ ረስታ ስትሄድ አይቻለሁ አላት።

«የምሥራቹን ፍሬ እንቢ ካልኋት እኮ ነገርኋት ማለት ነው፣ ሂሩት» አለ።

«እንግዲያው ይህች ሴትዮ ትገድልሃለች» አለች እናቴ።

እኔ የሰማሁት የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ የፊቱን ራሷ እናቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ሞላችልኝ። እሱ ብቻውን ግን በቃኝ። አለሚቱ ለእኔም የምትሰጠኝን ማንጎ መብላት ያን ቀን አቆምሁ። እሷ ፊት ጉንጬ ውስጥ አቆየውና ጓሮ ሄጄ ለጎረቤት ፍየል እሰጣታለሁ። ፍየሏ አለመሞቷ ግራ አጋባኝ። ብዙ ካሰብሁ በኋላ መርዙ ቀስ ብሎ የሚሠራ ዓይነት ነው ብዬ ደመደምሁ። አባቴ ግን እያወቀ ይበላል። ዓይኗን እያየ፣ እየሳቀ፣ ጣፋጭ ነው እያለ ይበላል። እንዲህ ያለ ደፋር ሰው በመርሳ እንደሌለ እርግጠኛ ነበርሁ፤ በዚህ እስከ ዛሬ ሐሳቤን አልቀየርሁም።

የአባቴ ሌላው ነገር መኪና ሥር መተኛቱ ነው። አንድ ቀን የከባድ መኪና ጎማ በኮምፕረሰር ሲነፋ ፈነዳ። ገበያው ሁሉ ዘሎ ተነሳ፤ ከዚያ ሰው ተሳሳቀ። አባቴ የለም። ብዞር ብዞር አጣሁት፤ በመጨረሻ ደጃችን የቆመው የሲራጅ ኤንትሬ ሥር በደረቱ ተኝቶ፣ ጣቶቹን አፈር ውስጥ ቀብሮ አገኘሁት። ላብ አጥምቆታል። ሲራጅ መጣ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ እንዳለ መኪናው ሥር ገብቶ አጠገቡ ተኛ። ስለ ማሽላ ዋጋ ያወራለት ጀመር። በመሀል በመሀል «አብሽር ገበየሁ፣ እኔ አለሁ» ይለዋል። ሁለቱም ከመኪናው ሥር እስኪወጡ ትምህርት ቤት ጥዋት የገቡ ልጆች ወጥተው ነበር። እኔም አባቴ ከባድ ብልሽት ጠገነ ብዬ ለእናቴ አወራሁላት።

ከዚያ ወዲህ የሾፌሮች ሁሉ መኪና እኛ ደጅ መቆም አበዛ። ሥራ ደራልን ብዬ ኮራሁ። ሲራጅ አሁን አርጅቷል፤ ባለፈው ዓመት ቤቱ ሄጄ ጠየቅሁት። ወላሂ ያቺ መኪና ያኔ ምንም አልነበራትም አለኝ። ሾፌሮቹ ተነጋግረው ነው፤ ከደሴ የሚመጣውም ከወልድያ የሚወርደውም ምሳውን መርሳ የሚበላ መኪናውን ገበየሁ ደጅ ያቆማል፤ አባቴ ሲብስበት የሚገባበት እንዳያጣ። ሰው ለጓደኛው ብዙ ነገር ያበድራል። ምሽግ ሲያበድር ያየሁት የእኛን አገር ሾፌር ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ራሱ እኛ ድረስ መጣ። መርሳም ወልድያም የመድፍ ድምፅ ምን እንደሆነ አወቅን፤ መድኃኒት ጠፍቶ ከማውቃቸው ሕመምተኞች ስንቱን ቀበርሁ። ነገሩ ጋብ ሲል አጥኚዎች መጡ። የቀድሞ ወታደሮች ላይ የጦርነት ጭንቀትና እንደ ስኳር ያለ የማይለቅ በሽታ እንዴት እንደሚጎዳኙ ነው የሚያጠኑት፤ እኔም ሕመምተኞቹን ለመጠየቅ ተመደብሁ። ከጠየቅኋቸው አንዱ ከሀብሩ ገጠር የመጣ የቀድሞ ወታደር ነው፤ በእኔ ዕድሜ ይሆናል። ድንገት ድምፅ ሲሰሙ ምን ያደርጋሉ አልሁት። አልጋ ሥር እገባለሁ፣ ልጆቼ ዕቃ የጠፋኝ እየመሰላቸው አብረውኝ ይፈልጋሉ አለኝ። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ወጣሁ። ጓሮ ቆሜ አለቀስሁ። አባቴ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀው አንድ ሰው አጥቶ ነው የሞተው። ወልድያ ስኳሩን አገኙለት፤ ከስኳሩ በታች ያለውን ማንም አልጠየቀውም።

ወደዚያው ልመለስ። በ1995 ዓ.ም. በጋ ላይ ነው፤ አባቴ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው በደም ርሷል። እናቴ እግሩን አገላብጣ አየች። ከሚጠግነው ጎማ የወደቀ ምስማር ጫማውን በስቶ ውስጥ እግሩ ገብቷል። ቀኑን ሙሉ ቆሞበት ውሏል። አባቴ ራሱ ምስማሩን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ አየው። እናቴ ፊቷ አመድ ሲመስል እኔ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። በማግስቱ ትምህርት ቤት አባቴ ምስማር አይወጋውም፣ ወታደር ስለሆነ አያመውም ብዬ አወራሁ። አንዱ ልጅ ውሸት ነው ሲለኝ ተደባደብሁ። ስኳር የበላው እግር እንደማይሰማው ዛሬ በቀን ስንት ጊዜ ለሰው አስረዳለሁ። ጫማችሁን ከመልበሳችሁ በፊት አራግፉ፣ እግራችሁን ማታ ማታ እዩ እላለሁ። አንዳንዴ ጫማቸውን ራሴ አንስቼ አራግፋለሁ፤ ሕመምተኞቹ የሥራ ደንብ ይመስላቸዋል።

ቁስሉ አልድን አለ። ደሴ ወሰዱት፤ ሲመለስ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ጦርነት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሙሉ አካል ይዞ የመጣ ሰው እግሩን መርሳ ላይ ጣለው። አለሚቱ በመጀመሪያው የገበያ ቀን መጣች። እግሩን አይታ ጮኸች፤ ከዚያ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ባዶ የቀረውን የሱሪ እግር በእጇ አጣጥፋ ከሥሩ አስገባችለት። አባቴ በምስማር ምክንያት ነው፣ የቆሸሸ ምስማር ነበር አላት። ስለ ስኳሩ አልነገራትም። እናቴም፣ ሲራጅም፣ ጎረቤትም ትንፍሽ አላሉም። አባቴ ሁሉንም አስምሏቸው ነበር። በበሽታዬ ላይ የእሷ እጅ አለበት ብላ እንድታስብ አልፈልግም፣ የልጇንም የእኔንም ሐዘን አንድ ላይ አትችልም ብሏቸው።

እሷ ታዲያ የምታየው እየከሳ መሄዱን ነው። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል። የከሳ ሰው ምን ያስፈልገዋል? ምግብ። ቅርጫቷን በትልቅ ቀየረችው። አንድ የነበረው ማንጎ ሁለት ሆነ። በመጨረሻ ማር ጨመረች፤ ከነሰፈፉ፣ በቅል። በማንኪያ እያወጣች ታጎርሰው ነበር። እኔ ከጎማው ላይ ሆኜ መርዙን ጨመረችበት አልሁ። ዘልዬ ቅሉን ልሰብረው ፈለግሁ፤ ግን አባቴ ጥቅስ አደረገኝ፣ ዝም በይ የሚል ጥቅሻ ነው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ ፍቅሩ ማር ይወዳል አይደል አላት። ከልጅነቱ አለችው፣ ንቡ እየነደፈውም አይተውም። ሁለቱም ሳቁ። እውነተኛ ሳቅ ነበር፤ ለዚህ ምስክር ነኝ።

አባቴ በነሐሴ ሞተ። ለቅሶው ላይ አለሚቱ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ ደረቷን ትመታ ነበር። ከእንግዲህ የልጄን ወሬ ማን ይነግረኛል እያለች አለቀሰች፤ ለቀስተኛው ሁሉ አነባ። እናቴ አቅፋ ይዛታለች። ገዳዩን አቅፋ ታለቅሳለች ብዬ በእናቴ ተናደድሁ። ለሳምንት ያህል አላናገርኋትም፤ እሷ ግን ሐዘን መሰላት።

የፍቅሩ ነገር ከመንግሥት የተነገረው ከዚያ በመጣው ጥቅምት ነው። እናቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ግራና ሄደች፤ እኔን የሚጠብቅላት ሰው ስላልነበራት እኔንም ይዛ። ሌላ ዘመድ ቤት አድረን ጎሕ ሲቀድ የአለሚቱ ደጅ ደረስን። የማንጎው ዛፎች ጤዛ ያንጠባጥባሉ። እኔ ቀዩ ጃንጥላ እንደማይመጣ በዚያች መንገድ ላይ ገብቶኝ ነበር፤ ሰዎቹ ሁሉ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት ለምን እንደሆነ የማያውቅ የወሎ ልጅ የለም። ሽማግሌው ገና «ቤቶች» ብሎ ሳይጣራ በሩ ተከፈተ። አለሚቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ መቀነቷን አጥብቃ ቆማለች። ቤቱ ተጠርጓል፤ ለሚቀመጥ ሰው ሰሌን ተነጥፏል።

«ግቡ» አለች። «ስጠብቃችሁ ነው የከረምሁ።»

ሁሉን አስቀድማ የምታውቅ ጠንቋይ ናት አልሁ በሆዴ። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዓመት አላየኋትም።

ክሊኒኬ የመጣችው ባለፈው ግንቦት ነው። ካርዱ ላይ ስሟን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ጎብጣለች፤ ዓይኖቿ ላይ ሞራ ወጥቷል፤ ጥርሷ አልቋል። ደም ግፊቷን ልለካ ክንዷን ስጠቀልል ፊቷን ወደ ፊቴ አስጠግታ አየችኝ።

«አንቺ የገበየሁ ልጅ ፅዮን አይደለሽም? ግንባርሽን አየሁት።»

ነኝ አልኋት። እጄን ይዛ ለብዙ ጊዜ አልለቀቀችም። ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር፤ ትንሽ ዐርፋ ደግሜ እስክለካ ቁጭ አልን። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፤ ደኅና ናት አልኋት። ከዚያ ሃያ ዓመት በላይ የከነከነኝን ነገር አወጣሁት። ያን ጥዋት መርዶ እንደምናመጣ እንዴት ዐወቁ አልኋት።

«የዚያን ጥዋትማ ምኑን፤ እኔ ያወቅሁት ገበየሁ ከአውቶቡስ የወረደ ዕለት ነው» አለች። «የምሥራች ያመጣ ሰው እንዲያ ተጨንቆ አይበላም።»

ታዲያ ለምን ሁለት ዓመት ሙሉ ይመላለሱ ነበር አልኋት።

«ልጄን መጨረሻ ያየ ዓይን የእሱ ነው፣ የኔ ልጅ። እሱ ሲበላ ፍቅሩ የበላ ይመስለኝ ነበር። ደግሞ ብቀር ዐወቀችብኝ ብሎ ይሰቀቃል አልሁ። ብርድ ልብሱን፣ ጺሙን፣ ወጥ ቤቱን ስንት ለፍቶ እንደሚያመጣው አይተሽ የለ? እኔ ቁጭ ብዬ ስሰማው ነው የሚያርፍ።»

እሱ እሷ እንዳታውቅ በላ። እሷ እሱ ማወቋን እንዳያውቅ አበላችው። ሁለቱም የሚያውቁትን አንድ ሞት ሁለቱም ሲደብቁ አባቴ መሀል ላይ አለቀ። ተናደድሁ፤ በማን እንደምናደድ አጣሁ። በወጉ ልናደድ? ወጉ ለእሷ ከማዘን የመጣ ነው። በሽማግሌዎቹ? በአባቴ? አንዳቸው ትንሽ ጨካኝ ቢሆኑ ኖሮ ዛሬ አባት ይኖረኝ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች አለሚቱ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሲከሳ ሲከሳ አየሁና ነው ማሩንም የጨመርሁት። ቤቴ ያለውን ሁሉ ነው ያመጣሁለት። አንቺ እንግዲህ ተምረሻል። ፍሬዬ ረድቶት ይሆን?»

ከጀርባዬ ግድግዳው ላይ የስኳር ሕመምተኛ የማይበላቸው ነገሮች ሥዕል ተለጥፏል። የለጠፍሁት እኔ ነኝ። ማንጎው ከላይ ነው፣ ማሩ ከጎኑ። የእሷ ዓይን እዚያ ድረስ አያይም። አባቴ መናኸሪያው ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ፣ ፊቷን እያየ ምን እንደተሰማው ያን ጊዜ ገባኝ። ሌላ የሚባል ቃል የለም። ቢኖርም አፍ ላይ አይመጣም።

«ረድቶታል፣ እማማ» አልኋት። «ያን ያህል የቆየው በእርስዎ ፍሬ ነው።»

ዓይኗን ጨፈነች። ዕንባዋ በጉንጯ መስመር ተከትሎ ወረደ። ከዚያ አጠገቧ ያስቀመጠችውን ፌስታል ፈታች።

«ምስር ብይ» አለችኝ።

ማንጎ አወጣች። ጥርስ ስለሌላት በጥፍሯ ላጠችው። በላሁ። ጭማቂው ነጭ ጋዎኔ ላይ ተንጠባጠበ፤ ውጭ ተራ የሚጠብቁ ሕመምተኞቼ በተከፈተው በር ያዩኛል። ፍሬው እንዴት እንደሚጣፍጥ ረስቼው ነበር፤ የልጅነቴን ድርሻ ፍየል በልታዋለች። እስከ ፍሬው አጥንት ድረስ በላሁት። አለሚቱ ዓይኗን ከአፌ ላይ አልነቀለችም።

ግፊቷን ደግሜ ለካሁ፤ ወርዷል። መድኃኒቷን ሰጠኋት፤ ከወር በኋላ ተመልሳ እንድትመጣ ነገርኋት። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ያኔም ይዤልሽ እመጣለሁ» አለች።

እሺ አልኋት።